ትምህርት አሥራ ስድስት፦ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ክፍሎች

መግቢያ

ገላጭ ድርሰት ታሪክ አይተርክም፤ የሰው መልክም አይሥልም። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ወይም እንዴት እንደሚመረጥ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር እያያዘ ያስረዳል። ከዚህ በታች ያለው ምንባብ የዚህ ዓይነት ድርሰት ነው። በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡት። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ግን እርሳስ ያዙና በ«ከ» እና በ«ቢ» የተጀመሩትን፣ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚል ሐሳብ ያላቸውን ግሦች አስምሩባቸው። ከምንባቡ በኋላ ለምናጠናው ሰዋስውና ለምትጽፉት ደብዳቤ ያስፈልጓችኋል።

ምንባብ

«ልጆቹ መጣ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስሕተቱን ለማወቅ የሰዋስው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ጆሮው ራሱ ይነግረዋል። ባለቤቱ ብዙ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ነጠላ ስለ ሆነ ሁለቱ አልተስማሙም። በላጲስ አጥፍቶ «መጡ» ቢል ነገሩ ያበቃል። ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ በገዛ እጁ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም የተነሣ ሰው ግን እንዲህ ያለ ጆሮ የለውም። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳሉ ክፍሎቹ ሁሉ ደኅና ይመስላሉ፤ ደኅናም ናቸው። አለመስማማታቸው የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለና ካርቶኑ ከተቀደደ በኋላ ነው። ሁለት ክረምት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ ሱቅ ለገባ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተከፈተ ዕቃ መልሶ የሚቀበል ባለ ሱቅ ጥቂት ነውና።

ለመሆኑ በልዩ ልዩ አገር፣ በልዩ ልዩ ፋብሪካ የተሠሩ ክፍሎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ገብተው ሊስማሙ የቻሉት እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ «አልቴር 8800» የተባለ ኮምፒዩተር፣ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ክፍሎቹ እንደ ተነጣጠሉ ይሸጥ ጀመር። ሲሸጥ የነበረው የማስታወሻ መጠን 256 ባይት ብቻ ነበር፤ አሁን የምታነቡት አንቀጽ እንኳ አይገባበትም። ነገር ግን ካርዶቹ የሚሰኩበት ባለ 100 መገናኛ መስመር ነበረው። ሌሎች ሠሪዎችም ለዚያ መስመር የሚገጥሙ ካርዶችን እየሠሩ ማቅረብ ጀመሩ። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ባወጣ ጊዜ የውስጥ አሠራሩን አትሞ ስለ ገለጸ፣ ሌሎች ኩባንያዎች የሚስማሙትን ካርዶች ለመሥራት አልተቸገሩም። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል «ኤ ቲ ኤክስ» የተባለውን ልክ አወጣ፤ በዚህም የማዘርቦርዱ መጠን፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ቦታና የኃይል ሽቦው መሰኪያ ተወሰነ። እንግዲህ ስምምነቱ ሰዎች አስቀድመው የቆረጡት ውል እንጂ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ገዢው የሚጠበቅበት ውሉን ማንበብ ነው።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ዓይን ከሚስበው ከግራፊክስ ካርዱ ነው። ይህ ግን ቤትን ከጣራው እንደ መጀመር ይቆጠራል። ምርጫው ከፕሮሰሰሩ ቢጀምር ይሻላል፤ ሌሎቹን ብዙዎቹን የሚወስን እርሱ ነውና። ፕሮሰሰር ስሌቱን የሚያካሂድ፣ ስፋቱ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ስስ ክፍል ነው። የሚቀመጠውም በማዘርቦርዱ ላይ በተዘጋጀለት ሶኬት ውስጥ ነው። ኤ ኤም ዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ኤ ኤም 4» ሶኬት 1,331 ቀዳዳዎች ሲኖሩት፣ በቀዳዳዎቹ የሚገቡት ፒኖች ያሉት በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ተከትሎት የመጣው «ኤ ኤም 5» ግን 1,718 መገናኛዎች አሉት፤ ፒኖቹም ከፕሮሰሰሩ ወደ ማዘርቦርዱ ተዛውረዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው «ኤል ጂ ኤ 1700» ቁጥሩ እንደሚናገረው 1,700 መገናኛ አለው። ለምሳሌ «ራይዘን 5 5600» የኤ ኤም 4 ፕሮሰሰር ነው። ይህን የገዛ ሰው የኤ ኤም 5 ማዘርቦርድ ቢገዛ፣ ሁለቱ በአንድ ኩባንያ ስም የሚጠሩ ቢሆኑም እንኳ፣ ፕሮሰሰሩ በሶኬቱ ውስጥ አይቀመጥም። በግድ ከተጫነው ፒኖቹ ይጎብጣሉ።

የሶኬቱ መግጠም ብቻውን አይበቃም። በማዘርቦርዱ ላይ «ባዮስ» የሚባል፣ ኮምፒዩተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ፕሮግራም ተቀምጦ ይገኛል። ባዮሱ የማያውቀውን ፕሮሰሰር አያስነሣም። «ቢ 450» የሚባሉት የኤ ኤም 4 ማዘርቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጡ «ራይዘን 5000» የሚባሉት ፕሮሰሰሮች ገና አልነበሩም፤ እነዚህ የመጡት በ2020 መጨረሻ ነው። ስለዚህ የቀድሞ ባዮሱ ባልተለወጠበት ቢ 450 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 5600 ቢቀመጥ ሶኬቱ ይቀበለዋል፤ ማራገቢያውም ይዞር ይሆናል፤ ሞኒተሩ ግን እንደ ጨለመ ይቀራል። ባዮሱ በአዲስ ከተተካ ይሠራል። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ያለ ፕሮሰሰር፣ በፍላሽ ብቻ ባዮሱን ለመተካት የሚያስችል ቁልፍ አለው። ሌላው ስለሌለው ገዢው ሻጩን «ባዮሱ ይህን ፕሮሰሰር ያውቃል?» ብሎ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

በፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ላይ የምትታየውን አንዲት ፊደልም መናቅ አይገባም። የኢንቴል «አይ 3-12100» ሥዕልን ወደ ሞኒተር የሚልክ ግራፊክስ በውስጡ አለው። «አይ 3-12100ኤፍ» ግን የለውም። ይህች «ኤፍ» በአማርኛ ግሥ ላይ ከፊትና ከኋላ እንደሚጨመረው «አል…ም» አሉታ መሆኗ ነው፤ ያለውን የሌለ ታደርገዋለች። በኤ ኤም ዲ የኤ ኤም 4 ፕሮሰሰሮች ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ራይዘን 5 5600 ግራፊክስ የለውም፣ «5600ጂ» የሚባለው ግን አለው። ፊደሏን ሳያነብ ባለ ኤፉን የገዛ ሰው የተለየ ግራፊክስ ካርድ ካልጨመረ ሥዕል የሚባል ነገር አያይም። ለመማርና ለመጻፍ ብቻ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ተማሪ ደግሞ ግራፊክሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ቢመርጥ ለካርድ የሚከፈለው ገንዘብ ይተርፈዋል።

ወደ ራም ስንመጣ የዓይን ማታለል ይበረታል። ዲ ዲ አር 4 እና ዲ ዲ አር 5 ቁመታቸው የተካከለ ነው፤ የመገናኛቸውም ቁጥር በሁለቱም 288 ነው። ልዩነታቸው በታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋን መለወጧ ነው። ቁርጧም ያለ ምክንያት አልተዛወረችም፤ ዲ ዲ አር 4 በ1.2 ቮልት፣ ዲ ዲ አር 5 በ1.1 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ የኃይል አደላደላቸውም ስለሚለያይ፣ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ለመከልከል ነው። ኤ ኤም 4 ከዲ ዲ አር 4፣ ኤ ኤም 5 ከዲ ዲ አር 5 ጋር ብቻ ይሠራሉ። ኤል ጂ ኤ 1700 ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ማዘርቦርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ነው። ስለሆነም ፕሮሰሰሩን አይቶ ራም መግዛት አይበቃም፤ የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ማንበብ ያስፈልጋል። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለ ሆነ በዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ከቶ አይገጥምም። ከዚህም ሌላ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት መግዛት ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብባቸው ሥራው ይፈጥናል።

የኃይል ሰጪው፣ ማለትም የፓወር ሰፕላዩ ምርጫ መደመር ለሚችል ሁሉ ቀላል ነው። ራይዘን 5 5600 የተመደበለት 65 ዋት ነው። «አር ቲ ኤክስ 3060» የተባለው ግራፊክስ ካርድ 170 ዋት ይፈልጋል። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለማራገቢያዎቹ 60 ዋት ብንመድብ ድምሩ 295 ዋት ይሆናል። ታዲያ የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያ 550 ዋት የሚመክረው ለምንድን ነው? ፕሮሰሰሩም ካርዱም ሥራ ሲበዛባቸው ለቅጽበት ከተመደበላቸው በላይ ስለሚስቡ ነው። ካርዱ ከተሰካበት ቦታ ሊያገኝ የሚችለው እስከ 75 ዋት ብቻ ስለ ሆነ ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚመጣ ሽቦ ይወስዳል፤ ባለ 8 ፒን የሆነው የካርድ ሽቦ እስከ 150 ዋት ይሰጣል። ለፕሮሰሰር የሚሄደውም ሽቦ 8 ፒን አለው፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው ቦታ ለመሰካት መታገል አደጋ አለው። የሚነቀሉ ሽቦዎች ያሉትን ፓወር ሰፕላይ የገዛ ሰው ደግሞ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ሽቦ ተውሶ መጠቀም የለበትም። መሰኪያው ቢገጥም እንኳ በውስጡ ያለው የሽቦ ተራ ሊለያይ ስለሚችል ዲስኩንና ማዘርቦርዱን ያቃጥላል። በእኔ አስተያየት ከክፍሎቹ ሁሉ ርካሹን መምረጥ የማይገባው በዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ክፍል ቢበላሽ ብቻውን ይበላሻል፣ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ግን ሌሎቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በአገራችን የመብራቱ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። በዚህ ዘመን የሚሠሩት ፓወር ሰፕላዮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ። ከቀድሞዎቹ መካከል ግን በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ያላቸው አሉ፤ መቀያየሪያው በ115 ላይ እንዳለ ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። ዘመድ ከውጭ አገር የሚልክለት ሰው ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ ማስነበብ አለበት።

የቀሩት በሜትር የሚለኩ ናቸው። የኤ ቲ ኤክስ ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር፣ ማይክሮ ኤ ቲ ኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይ ቲ ኤክስ 170 በ170 ነው፤ ትንሹ በትልቁ ኬዝ ይገባል፣ ትልቁ ግን በትንሹ አይገባም። የግራፊክስ ካርዱ ርዝመትና የማቀዝቀዣው ቁመት ኬዙ ከሚፈቅደው እንዳይበልጡ ይመዘናሉ። ማቀዝቀዣውም እንደ ፕሮሰሰሩ ሶኬት ይመርጣል፤ ኤል ጂ ኤ 1700 ሲወጣ የማቀዝቀዣው ቀዳዳዎች ርቀት ከ75 ወደ 78 ሚሊሜትር ስለ ሰፋ፣ ለቀድሞዎቹ የኢንቴል ሶኬቶች የተሠራው ማሰሪያ በዚያች 3 ሚሊሜትር ምክንያት ሳይገጥም ቀርቷል። ኤም ነጥብ 2 የተባለውን ዲስክ በተመለከተ መልኩን አይቶ መወሰን አይቻልም፤ በአንድ መልክ ሳታ እና ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ስላሉ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል ከመመሪያው ይነበባል።

ሰዋስው፦ ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች

ካሰመራችሁባቸው ግሦች ሦስቱን እንመልከት። «ባዮሱ በአዲስ ከተተካ ይሠራል» ሲል ጸሐፊው መተካቱ የሚቻልና የሚጠበቅ መሆኑን ያሳያል። «የኤ ኤም 5 ማዘርቦርድ ቢገዛ … አይቀመጥም» ሲል ግን ገና ያልሆነውን፣ ሊሆንም ላይሆንም የሚችለውን በሐሳብ ያቀርባል። ሦስተኛው፣ «ቢሆኑም እንኳ» የሚለው፣ ሁኔታው ውጤቱን እንደማይለውጠው ይናገራል። «ቢሆኑ» እና «ቢሆኑም እንኳ» የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ነው፤ ሐሳባቸው ግን ተቃራኒ ነው።

በምንባቡ ውስጥ የማይገኝ አራተኛ መልክም አለ። ነገሩ ካለፈና ሊመለስ ካልቻለ «ኖሮ» እና «ነበር» ይገባሉ፦ «ኬዙን ለክቶ ቢሆን ኖሮ ካርዱ ባልረዘመበት ነበር።» ይህ ዐረፍተ ነገር የጸጸት ቋንቋ ነው። ለምክር የሚጻፍ ድርሰት አንባቢው ይህን ዐረፍተ ነገር ከመናገሩ በፊት እንዲነበብ ስለሚጻፍ፣ በ«ከ» እና በ«ቢ» መሞላቱ አያስደንቅም።

ደብዳቤ መጻፍ

አንድ ተማሪ በአሜሪካ ለሚኖሩት ታላቅ ወንድሙ እንዲህ ሲል ጻፈ እንበል፦

«ይድረስ ለውድ ጋሼ። ለጤናዎ እንደ ምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ልገጣጥም አስቤአለሁና ጥሩ ራም፣ አዲስ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ እንዲሁም ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።»

አክብሮቱ የሚመሰገን ነው። ተቀባዩ ግን በዚህ ደብዳቤ ምንም ሊገዙ አይችሉም። «ጥሩ» እና «ጠንካራ» የጸሐፊውን ምኞት ይገልጻሉ እንጂ ዕቃውን ከሌላ ዕቃ አይለዩም። «አዲስ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ» የሚለው ሐረግ ደግሞ አዲስነቱን ለማቀዝቀዣው ይሰጣል። ጸሐፊው ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው ለማለት ፈልጎ ከሆነ «የአዲሱ ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ» ማለት ነበረበት። በአማርኛ ቅጽል የሚገልጸውን ስም ስለሚቀድም፣ «የ» የምትቀመጥበት ቦታ ትርጉሙን ትወስናለች። የተሳሳተው ዕቃ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ በኋላ ትርጉሙን ማስተካከል አይቻልም። አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ፦

«ጋሼ፣ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ በእጄ አሉ። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ለዴስክቶፕ የተሠራ ዲ ዲ አር 4 ራም ነው፤ ዲ ዲ አር 5ም ሆነ የላፕቶፕ ራም አይገባበትም። የሚያስፈልጉኝ በአንድ ካርቶን አብረው የታሸጉ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች ናቸው። ፕሮሰሰሩን የገዛሁት ያለ ማቀዝቀዣው ስለ ሆነ፣ ኤ ኤም 4 በሚባለው ሶኬት ላይ የሚታሰር፣ ቁመቱም ከ150 ሚሊሜትር የማይበልጥ ማቀዝቀዣ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ፓወር ሰፕላዩ 550 ዋት የሆነና በጎኑ ላይ ‹ከ100 እስከ 240 ቮልት› የሚል የተጻፈበት ይሁንልኝ። ከእነዚህ አንዱ ከጠፋ፣ እባክዎ በምትኩ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ይጻፉልኝ።»

በሁለተኛው ደብዳቤ «ጥሩ» የሚል ቃል የለም። በምትኩ «የሚቀበለው»፣ «የሚታሰር»፣ «የማይበልጥ»፣ «የተጻፈበት» የሚሉ ገላጭ ሐረጎች ገብተዋል። እያንዳንዳቸው አንዱን ዕቃ ከሌላው ይለያሉ። የማይፈለገውንም መጥቀሱን ልብ በሉ፤ የሻጩን ግምት አስቀድሞ የሚዘጋው እርሱ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በ«ኖሮ» እና በ«ነበር» እየለወጣችሁ ጻፉ። ከዚያም የትኛው ለምክር፣ የትኛው ለጸጸት እንደሚስማማ ተናገሩ።
1. መመሪያውን ካነበበ ዲስኩን አይሳሳትም።
2. መቀያየሪያው በ230 ላይ ቢሆን ፓወር ሰፕላዩ አይቃጠልም።

ለ. አንዲት ተማሪ የሚከተለውን ዝርዝር ይዛ ወደ ሱቅ ልትሄድ ተነሥታለች፦ አይ 3-12100ኤፍ ፕሮሰሰር፤ ኤል ጂ ኤ 1700 ሶኬት ያለው፣ ዲ ዲ አር 4 የሚቀበል ማይክሮ ኤ ቲ ኤክስ ማዘርቦርድ፤ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲ ዲ አር 5 ራም፤ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ፤ ሚኒ አይ ቲ ኤክስ ብቻ የሚቀበል ኬዝ። ግራፊክስ ካርድ አልጻፈችም። በዝርዝሩ ውስጥ ሦስት አለመስማማቶች አሉ። ፈልጋችሁ አግኙና እያንዳንዱን በአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አስረዱ። በዐረፍተ ነገሮቻችሁ «ቢ…»፣ «ከ…» እና «ቢ…ም እንኳ» አንድ አንድ ጊዜ ይግቡ።

ሐ. «የድሮ ማዘርቦርድ ባዮስ» እና «የማዘርቦርድ የድሮ ባዮስ» በሚሉት ሐረጎች መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።

መ. ከላይ ያለችው ተማሪ ዝርዝሯን ካስተካከለች በኋላ ራሙን በውጭ አገር ከምትኖረው አክስቷ ለማስመጣት ወሰነች እንበል። ለአክስቷ የምትልከውን ደብዳቤ በእርሷ ስም ጻፉላት። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቅ ሰው ደብዳቤውን ብቻ ይዞ ሱቅ ቢገባ ትክክለኛውን ራም ይዞ መውጣት አለበት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከጎናችሁ ለተቀመጠው ተማሪ ስጡት፤ እርሱም በደብዳቤው መሠረት ምን ዕቃ እንደሚገዛ በወረቀት ላይ ጽፎ ይመልስላችሁ።